ፍሪጅ ውስጥ የከረመች

በሰው እጅ ደረሰኝ ከሆለታ እርሻ፣
አራት ሽንኩርት መሳይ ካጭር ማስታወሻ፤
ባንድ እግር ካልሲ ጠቅልላ ሰናይት የላከችው፦
«ሃያሲንት ይባላል፤ እማ፣ እንዳትቀቅዪው።
ሦስት ወር ጨለማ፣ ሦስት ወር ብርድ ስጪው፤
ከዚያ በጠርሙስ አፍ፣ ውሃው ሳይደርስበት፣
ቂጡ ብቻ በቅርብ እርጥበት ይሽተት፤
ሥር ሲጥል፣ ወደ መስኮት።»

ብርድ! ድሬዳዋ ላይ!
ያ የጥቅምት ብርድ እንኳ፣ አጥንት የሚያስመኘው፣
ደንገጎ አፋፍ ቆሞ፣ ቁልቁል አይቶን ነው
ወደ ሐረር ዞሮ ጋቢ የሚያስለብሰው።

ያለኝ ብርድ አንድ ነው፤ ጥግ የቆመው ፍሪጅ፣
በረዶ የሚገዛኝ የገንደ ቆሬ ልጅ
ሁሉ የሚያውቀው፣ በሩ በገመድ የሚታሰር፤
ላዩ በረዶ በላስቲክ፣ ታቹ የሐብሐብ ድርድር፣
በሩ ላይ ኢንሱሊን፣ የአባ ሮብሌ መድኃኒት፤
እሱ ቤት ፍሪጅ የለም፣ እኔ ጋ ነው የሚያድርለት።
ከመድኃኒቱ ጎን አራቱን ደረደርኩ፣
በጋዜጣ ጠቅልዬ «አይነካም» ብዬ ጻፍኩ።
ማንጎውን አወጣሁ፤ ሰናይት ደውላ
«የበሰለ ፍሬ ትንፋሹ ይገድላል» ብላ።

አንዱን ፈርዶሳ ከተፈችው ለፉል፤
«አይነካም» ያልኩትን ለድመት መስሏት ይሆናል።
ምላሷን ሲለበልባት ጮኸች፤ ድስቱን ሙሉ ደፋን።
ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ሁለት ቀን፣ ሦስተኛ ቀን።
በረዶ ሻጭ ሆኜ በረዶ ገዛሁ፣ ያውም በዱቤ፣
ከባላንጣዬ ከድንቄ፣ ሻሼን ግንባሬ ላይ ስቤ።
«ለመድኃኒቱ ነው» አልኳት። እውነት ነው። ግን ግማሹ።
እንዲያም ሆኖ አንዱ ሻግቶ፣ ጣቴ ሰመጠ ከራሱ።

አባ ሮብሌ በየጠዋቱ፣ በዱላው መሬቱን እየጠየቀ
ይመጣል ለመርፌው፤ ስኳር ዓይኑን ከበላው አምስት ዓመት ዘለቀ።
አንዷን እጁ ላይ አኖርኩ። አሻሸ፣ ወደ ጆሮው አስጠጋ፦
«ሽንኩርት አይደለም ይኼ። ሃያ ዓመት በአይሱዙ ጭኛለሁ፣ በክረምት በበጋ፤
ሽንኩርት ሲነኩት ያወራል።
ይኼ ዝም ይላል።»

ጥር ሲያልቅ ሁለቱን በማርማላታ ጠርሙስ አፍ አስቀመጥኩ።
አንዷ እንደተኛች ቀረች። የሌላዋን ሥር
ማታ ማታ በባትሪ አየሁት፣ ነጭ ክር፣ ነጭ ክር።
አበበችም። ግን እንዴት ያለ ማበብ!
አንገት የላት፤ ከቅጠሏ መሃል ቁጢጥ፣ ጥብብ፤
ሰማያዊ ተብላ፣ የወተት አረፋ መስላ።
«ብርዱ አንሷት ነው» አለች ሰናይት፣ ሳቋን አፍና ውላ።

በማግስቱ አባ ሮብሌ መጋረጃው ጋ ደርሶ ቆመ።
«ማነው የመጣው?»
«ማንም የለም።»
«አለ እንጂ። እንግዳ አለ።»
ጫማውን አወለቀ።

መርፌውን ወጋሁት። «ይከብዳል» አለ፣ «ራስ ያዞራል» ብሎ ሄደ።
ከሰዓት ተመለሰ፤ «መርፌዬን አልወጋሽኝም» ብሎ።
ወግቼዋለሁ።
ወንበር ሰጠሁት።

አበባዋ ሲረግፍ ቅጠሏን አልቆረጥኩም፤ ቢጫ እስኪሆን ጠበቅኩ።
በሚኒባስ፣ ጭኔ ላይ፣ ደንገጎን ወጣን፤
ያ ፈሪ ብርድ አፋፉ ላይ ተቀበለን።
እህቴ ጥሩወርቅ፣ ከሸዋ በር ወዲያ፣ ከሮማኗ አጠገብ
አንድ ስንዝር ቆፈረች። ሹሏን ወደ ላይ አድርገን
አፈር አለበስናት፤ እጃችንን በአንድ ጆግ ታጠብን።

ዓመት ዞሮ ደወለች፦
«ቅጠል ብቻ ነው ያወጣችው። አበባ የላትም። ልንቀላት?»
ስልኩን ለአባ ሮብሌ ሰጠሁት።
ጥቂት አዳመጠ፣ ያቺን ዝምተኛ የሚሰማ ይመስል።
«ተዪያት» አላት፣
«ትክረም።»